በኮምፖስቴላው ቅስት ሥር ጋይታ ነፊዎች

በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ ግዛት ዋና ከተማ በሳንትያጎ ዴ ኮምፖስቴላ፣ ከካቴድራሉ በስተሰሜን አንድ አጭር የድንጋይ መተላለፊያ አለ። ከኢንማኩላዳ አደባባይ በደረጃ ይወርድና በጥንቱ የሊቀ ጳጳሳት መኖሪያ፣ በሼልሚሬስ ቤተ መንግሥት ቅስት ሥር አልፎ ወደ ሰፊው የኦብራዶይሮ አደባባይ ያወጣል። ከፈረንሳይ ድንበር ተነሥተው 780 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው የመጡ ተሳላሚዎች የካቴድራሉን ፊት ከማየታቸው በፊት የሚያልፉት የመጨረሻ ቦታ ይህ ነው። ጋይታ የሚነፉ የጎዳና ሙዚቀኞች ቆመው የሚቀበሏቸውም እዚሁ ነው።

ጋይታ ባለ ስልቻ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ስልቻው በድሮው አሠራር ከሙሉ የጥቦት ቆዳ ይዘጋጃል፤ ዛሬ ሰው ሠራሽ ጨርቅም ያገለግላል። ነፊው በአጭር ቱቦ ስልቻውን በአየር ይሞላና በክንዱ ከጎኑ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ትንፋሽ ለመሰብሰብ አፉን ቢያነሣም ድምፁ የማይቋረጠው ስለዚህ ነው። ዜማውን የሚያወጣው ጣቶች የሚሯሯጡበት ፑንቴይሮ የተባለው ቀዳዳማ ቱቦ ሲሆን፣ በትከሻ ላይ የሚጋደመው ረጅሙ ሮንኮ አንድ ወፍራም ድምፅ ይዞ ሳያቋርጥ ያጓራል። ቱቦዎቹ ቀድሞ ቡክስ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይሠሩ ነበር። በፑንቴይሮው ውስጥ ያለችው ከመቃ የተቀረጸች ጥንድ ምላስ እርጥበትና ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር ቅኝቷን ትስታለች። ዝናብ በማይጠፋባት ሳንትያጎ ጣሪያ ያለው ቦታ የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ምክንያት ራሱ ድንጋዩ ነው፤ ድምፁን መልሶ ስለሚያስተጋባ አንድ ሰው የሚነፋው ጋይታ ገና ከደረጃው አናት ይሰማል።

ብዙ ጎብኚዎች ይህን አቀባበል ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የወረደ ሥርዓት አድርገው ያዩታል። ታሪኩ ግን ከዚህ የተለየ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር ነው የተባለው ስፍራ በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተገኘ ተብሎ ንጉሥ አልፎንሶ 2ኛ ቤተ ክርስቲያን አሠራበት። የአሁኑ ካቴድራል ግንባታ በ1075 ተጀመረ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሚያዝያ 17 የሚታሰበው ይኸው ሐዋርያ በስፔን የሚከበረው ጁላይ 25 ማለትም ሐምሌ 18 ሲሆን፣ ቀኑ እሑድ ላይ የዋለበት ዓመት ልዩ የቅድስና ዓመት ይሆናል።

በ12ኛው መቶ ዓመት ተጽፎ በካቴድራሉ የሚገኘው ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ የተባለው መጽሐፍ፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በመቃብሩ ዙሪያ ሻማ ይዘው ሲያድሩ በበገና፣ በዋሽንት፣ በመለከትና በከበሮ እንደሚዘምሩ ይተርካል። በዚያ ዘመን እንግዲህ ሙዚቃውን ይዘው የሚመጡት ተሳላሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። መምህር ማቴዎ በቀረጸው የካቴድራሉ የክብር በር ላይ፣ ከዮሐንስ ራእይ የተወሰዱት 24ቱ ሽማግሌዎች መሣሪያዎቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የበሩ መቃን 1188 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። ሽማግሌዎቹ የያዟቸው ግን በገናና ክራር መሰል ባለ አውታር መሣሪያዎች ናቸው፤ ዛሬ የከተማዋ መለያ የሆነው ጋይታ በዚህ የድንጋይ ማኅበር ውስጥ የለም። ጋይታ ነፊዎች ቁልጭ ብለው የሚታዩት በ13ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ባስጻፈው የእመቤታችን መዝሙራት ብራና ሥዕሎች ላይ ነው።

የጋይታ ነፊው እውነተኛ መተዳደሪያ መንገደኛን መቀበል ሳይሆን የገጠር ንግሥ ነበር። የደብሩ በዓል ሲደርስ ነፊው ከከበሮ መቺዎቹ ጋር በክፍያ ይጠራል። ጎሕ ሲቀድ አልቦራዳ የሚባለውን የማለዳ ዜማ እየነፋ መንደሩን በየደጁ ይዞራል፤ ቀጥሎ ታቦት እንደሚሸኝ ሰው ከቅዱሱ ሐውልት ፊት ፊት ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙይንዬይራ የተባለውን ጭፈራ ያስጨፍራል። አብዛኞቹ ገበሬዎች ወይም የእጅ ባለሙያዎች ስለነበሩ ጋይታው የጎን ገቢ ነበር። ሙያው ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ይወርዳል፤ በ1924 በሳንትያጎ የተካሄደውን ውድድር ያሸነፈው አቬሊኖ ካቻፌይሮ፣ በቅጽል ስሙ የሶውቴሎው ጋይታ ነፊ፣ ከአባቱና ከወንድሞቹ ጋር የሚጫወት ሰው ነበር። በድህነት ወደ ቦነስ አይረስና ሃቫና የተሰደዱ ጋሊሲያውያንም ጋይታቸውን ይዘው ስለተሻገሩ፣ መሣሪያው በአትላንቲክ ማዶ የናፍቆት ምልክት ሆነ።

ተሳላሚዎቹ የሚጓዙበት የሳንትያጎ መንገድ በበኩሉ ለረጅም ጊዜ ጭር ብሎ ኖሯል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝን ወረራ በመፍራት የሐዋርያው አፅም ተደበቀ፤ ዳግመኛ የተገኘው በ1879 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በዓመት ተመዝግበው የሚደርሱት ተሳላሚዎች ከጥቂት ሺህ አይበልጡም ነበር። በዚያ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ከቅስት ሥር ቆሞ ሳንቲም የሚጠብቅ ሙዚቀኛ ሊኖር አይችልም።

ጋይታውንና መንገዱን ያገናኛቸው የ20ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ነው። የአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን በ1975 ሲያበቃ ጋሊሲያውያን ቋንቋቸውንና ሙዚቃቸውን በአደባባይ ማንሣት ጀመሩ፤ ጋይታ መሥራትና መንፋት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ሚልያዶይሮ የተባለው የሙዚቃ ቡድን መሣሪያውን ወደ መድረክ አወጣው። መንግሥትም ፖለቲካዊ ጥቅሙን ለማየት አልዘገየም፦ በ1990 ማኑኤል ፍራጋ የጋሊሲያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሾም በኦብራዶይሮ አደባባይ በሺህ የሚቆጠሩ ጋይታ ነፊዎች ተሰልፈዋል። በዚያው ሰሞን ኦውሬንሴ በተባለችው የጋሊሲያ ከተማ ውስጥ የስኮትላንድን ወታደራዊ ባንድ የሚመስሉ ትልልቅ የጋይታ ጓዶች ተቋቁመው፣ «ይህ የእኛ ባህል ነው ወይስ የተዋሰ?» የሚል ክርክር አስነሥተው ነበር። የቅስቱን ሥር ነፊ ይህ ክርክር እምብዛም አላሳሰበውም፤ የሚጫወተው ብቻውን ወይም ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር ነውና።

መንገዱም ተነቃቃ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ1987 የመጀመሪያው የአውሮፓ የባህል መንገድ ብሎ ሰየመው፤ ዩኔስኮ በ1993 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ያው ዓመት የቅድስና ዓመት ስለነበር የጋሊሲያ መንግሥት ሰፊ የማስተዋወቅ ዘመቻ አካሄደ። በ2024 የደረሱት ተሳላሚዎች ወደ 500 ሺህ ተጠግተዋል። በመንገዱ ላይ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ የጨረሰ ሰው የምስክር ወረቀት ስለሚሰጠው አጭር ጉዞ የሚመርጠው ብዙ ነው። ነፊው ከፊቱ የተዘረጋ የመሣሪያ ማኅደር አለው፤ ሳንቲሙ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን የሙዚቃ ሲዲ ይሸጡ ነበር። ተሳላሚው ግን ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ዓይኑ አደባባዩ ላይ ስለሆነ፣ ከኪሱ የሚያወጣው ይበልጡን ተመልሶ የሚዞረው ጎብኚ ነው።

አቀባበሉ ለሁሉም አይደርስም። የፈረንሳዩና ሌሎች ከምሥራቅና ከሰሜን የሚመጡ መንገዶች ወደ ቅስቱ ሲያደርሱ፣ በተጓዥ ብዛት ሁለተኛ የሆነው የፖርቱጋል መንገድ ወደ ከተማዋ የሚገባው ከደቡብ በኩል ነው። በዚያ የመጡት በሌላ ጎዳና አልፈው ኦብራዶይሮ የሚደርሱት በሌላኛው ጥግ ስለሆነ፣ ጋይታውን የሚሰሙት አደባባዩ ውስጥ ከቆሙ በኋላ፣ ከማዶ ነው።