«ኖድ» የማን ስም ነው?

ሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር ስትጭኑ ሥራው ድንገት ቆሞ «ይህ ፋይል የሌላ ፓኬጅ ነው» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ዴቢያን ላይ እንዲህ የሚለው ዲፒኬጂ የተባለው ፓኬጅ ጫኝ ነው። የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ መዝግቦ ይይዛል፤ አዲስ መጪ በነባሩ ፋይል ላይ ልጻፍ ሲል ይከለክለዋል። በግድ ማስጫን ይቻላል፣ ግን የነባሩ ፋይል ይጠፋል።

ዲፒኬጂ የማይዳኘው ግጭትም አለ። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 በመሠረተው ዴቢያን ውስጥ «ኖድ» የሚባል የአማተር ሬዲዮ ፕሮግራም ነበር። በ2009 ደግሞ ራያን ዳል ኖድ ጄኤስን ሠራ፤ የማስነሻ ትዕዛዙም ያው «ኖድ»! ሁለቱ በተለያየ ፎልደር ስለሚቀመጡ ፋይሎቻቸው አይነካኩም። ስሙን ስትጽፉ ግን የሚነሳው ቀድሞ የተገኘው ብቻ ነው።

ታዲያ ማን ይልቀቅ? ነባሩ ወይስ ዝነኛው? የዴቢያን ደንብ፣ ሥራቸው የተለያየ ፕሮግራሞች በአንድ ስም አይጠሩም፣ ካልተስማሙ ሁለቱም ይቀይሩ ይላል። በ2012 የቴክኒክ ኮሚቴው በዚሁ መንገድ ሄደ፤ የኖድ ጄኤስ ትዕዛዝ «ኖድጄኤስ» ተባለ። ለእኔ ፍትሐዊ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ጀማሪዎች ናቸው፦ መመሪያው ሁሉ «ኖድ» ብላችሁ ጻፉ ይላል፣ ኮምፒውተራቸው ደግሞ አላውቀውም ይላል። ለእነሱ ተብሎ የድሮውን ስም ወደ አዲሱ የሚመራ ትንሽ ፓኬጅ ተዘጋጀ።

በ2017 ኮሚቴው ውሳኔውን አንስቶ ስሙን ለኖድ ጄኤስ ፈቀደ። የሬዲዮው ፓኬጅ «ኤኤክስ25-ኖድ» እንደተባለ ቀረ።