የቡድን ሥልጠና፦ ከጎንደር እስከ ሐረር

የሕክምና ትምህርት ታሪካችን ሲወሳ በአብዛኛው የሚቆጠሩት ሕንፃዎችና ተመራቂዎች ናቸው። ባለሙያዎች ተነጋግሮና ተባብሮ መሥራትን የተማሩበት መንገድ ግን እምብዛም አይነሣም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስታወስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በአንድ ግቢ ሠለጠኑ፤ ለተግባር ልምምድም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች በቡድን ተላኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ወረርሽኝን መድኃኒት ብቻውን አይገታውም፤ ውኃ ያቆረውን ስፍራ የሚያደርቅ፣ ቤተሰቡን የሚያስተምር፣ ሕሙማንን የሚመዘግብ ሁሉ ያስፈልጋል። አንዱ ያየውን ለሌላው ካልነገረ ግን የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል።

በደርግ ዘመን ተቋርጦ የነበረው የጤና መኮንኖች ሥልጠና በ1990ዎቹ እንደገና ሲጀመር ሐረርም ከማሠልጠኛ ከተሞች አንዷ ሆነች። የያኔው አለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው ከተማ ጀመረ።

ሐረር ለእንዲህ ያለው ትምህርት ራሷ አስተማሪ ናት። በጀጎል በሮች ከሚገባና ከሚወጣው ሕዝብ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ይሰማል። የታማሚውን ቋንቋ የሚያውቀው ሐኪሙ ሳይሆን ጀማሪዋ ነርስ ወይም የጽዳት ሠራተኛው ሊሆን ይችላል። እርሱ በማዕረግ ፈርቶ ዝም ካለ የታማሚው ቃል በመካከል ይጠፋል፤ ጥፋቱም ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ዛሬ በሌሎች አገሮች ተማሪዎች ቨርቹዋል ሪያሊቲ በሚባለው ቴክኖሎጂ፣ መነጽር መሰል መሣሪያ ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ በምናብ በተሠራ የድንገተኛ ክፍል ውስጥ በቡድን ይለማመዳሉ። አንዱ ቢሳሳት የሚጎዳ ታማሚ የለም፤ ልምምዱም ይደገማል። ይህ ጎንደር ያልነበራት ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁንና ትምህርቱ የሚጸናው ከልምምዱ በኋላ ቡድኑ ተቀምጦ “ማን ምን አየ? ማንስ ምን ሳይናገር ቀረ?” ብሎ ሲጠያየቅ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከተረኝነት ርክክብ በኋላ ጥቂት ደቂቃና የበታቹን የሚያደምጥ አለቃ ይበቃል።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ መሣሪያው እስኪደርሰን ድረስ ይህን መጠያየቅ በየጤና ጣቢያችንና በየዋርዳችን ብንጀምረው የጎንደር ጀማሪዎች ውርስ ይቀጥላል።