ገበሬው ምን ያስይዝ? ከጊኒር ገበያ የተነሣ የብድር ታሪክ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ ከሮቤ ወደ ጊኒር ወርጄ ነበር። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ከሩቅ በሚሸትበት ገበያ ዳር ሻይ ይዤ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ወግ ጀመርን። ወጉ ወደ አዲሱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲያመራ፣ «አባቴ፣ ከእንግዲህ በመሬት ደብተርዎ ከባንክ መበደር ይችላሉ ተብሏል፤ ሰምተዋል?» ስል ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ አባቴ መሬቱን ያጣው እኮ በወረቀት ነው» አሉኝ።

እኔ በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ስለ ገጠር ብድር በማስተምርበት ጊዜ ስለ ወለድ መጠን፣ ስለ ካፒታል እጥረት፣ ስለ ስጋት ክፍፍል እናገራለሁ። የእኒህ አዛውንት መልስ ግን የገበሬው ብድር ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ የመያዣ ታሪክ መሆኑን አስታወሰኝ። አበዳሪ በመጣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ገበሬው ምን ያስይዝ?

እንደሚታወቀው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የባሌ መሬት በጋሻ እየተለካ በገመድ ሲከፋፈል፣ አንዱ ጋሻ አርባ ሄክታር ገደማ ነበር። ሰፋፊው መሬት በሹማምንትና በጦር ሰዎች ስም ተመዘገበ፤ ከአያቱ ጀምሮ ሲያርሰውና ከብቱን ሲያግድበት የኖረው ሰው በገዛ ቀዬው ገባርና ጭሰኛ ሆነ። ግብሩን በወቅቱ ያልከፈለ ወይም ደረሰኙን ማሳየት ያልቻለ ሰውም ይዞታው አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱ ስም የሚታወቀው የባሌ ዓመፅ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። የብሔርና የሃይማኖት በደል ነበረበት፤ የሶማሊያም እጅ ነበረበት። ሆኖም የግብሩን ክብደትና የመሬቱን መነጠቅ ትቶ ያንን ዓመፅ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ግማሹን ታሪክ ብቻ እንደሚናገር አምናለሁ። «በወረቀት» የሚለው የአዛውንቱ ቃል ከዚያ የመጣ ነው።

መንግሥት በዚያው ዘመን ለገበሬው ብድር አላሰበም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 የእርሻ ባንክ ሲቋቋም ዓላማው በጣሊያን ወረራ እርሻቸው ለተጎዳባቸው አነስተኛ ባለመሬቶች ዘርና ከብት መግዣ ማበደር ነበር። ቁልፉ ግን «ባለመሬቶች» የሚለው ቃል ነው። ጭሰኛው የሚያስይዘው አልነበረውምና ባንኩ ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ያህል ነበር። ከባሌ ድንበር ማዶ፣ በአርሲ፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በ1960 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ይህን ለማቃናት ሞክሯል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ለአነስተኛው ገበሬ ማድረስ ዋና ሥራው ነበር። ውጤቱ ግን መራር ምፀት አለበት። አዲሱ ዘርና ማዳበሪያ መሬቱን አትራፊ ሲያደርገው ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አባረረ። በቅን ልቡና የታቀደ ብድር ለተበዳሪው መፈናቀል ምክንያት ሆነ!

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ጭሰኝነትን አጠፋ፤ መያዣ የሚሆነውንም መሬት አብሮ አነሣ። የደርግ መንግሥት ብድሩንና ማዳበሪያውን በቅድሚያ ያቀረበው ለመንግሥት እርሻዎችና ለአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። የባሌ ደጋ ሰፋፊ የስንዴ ማሳዎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ተራው ገበሬ ደግሞ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታውን በተወሰነለት ዋጋ ያስረክብ ነበር፤ ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ዐዋጅ ድረስ ዘለቀ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው አሠራር በእኔ እምነት ገና በቅጡ ያልተጻፈ ነው። ባንኩ የማዳበሪያውን ገንዘብ አበደረ፤ ለባንኩ ዋስ የሆነው ግን የክልሉ መንግሥት በጀት ነበር። ክልሉ በጀቱ እንዳይቆረጥበት ወረዳውን ያዘ፣ ወረዳው ቀበሌውን ያዘ፣ ቀበሌው ገበሬውን ያዘ። እንዲህ ሲሆን ብድሩ ብድርነቱ ቀርቶ ግብር መሰለ፤ ሰብሳቢውም ራሱ ግብር ሰብሳቢው ነበር። በ1994 ዓ.ም. የእህል፣ በተለይም የበቆሎ፣ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ጥሩ ያመረተው ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በየቦታው በሬውን ሸጦ የከፈለም፣ ባለመክፈሉ የታሰረም ነበር።

በባሌ ሌላ ችግር ይጨመራል። የባሌ ደጋ በአንድ ክረምት ብቻ አይኖርም። አገሬው «ገና» የሚለው (ከበዓሉ ጋር አይምታታብን) ከመጋቢት እስከ ሐምሌ የሚዘልቅ ወቅት አለ፤ ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ «ቦና» ይከተላል። አዲስ አበባ ላይ የሚታቀደው የግብዓትና የብድር ቀን አቆጣጠር ግን በአብዛኛው አንዱን መኸር ብቻ ይዞ የሚሄድ ነው። አጨዳው በኮምባይነር ስለሆነ ኪራዩ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል፤ በዚያው ሰሞን የብድር መክፈያውም ይደርሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ስንዴው ከዓመቱ ርካሽ በሆነበት ሳምንት ይሸጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ዋጋው ሲያንሰራራ ትርፉ የባለመጋዘኑ ነው።

በ1988 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 40 የተፈቀዱት የብድርና ቁጠባ ተቋማት መያዣውን በቡድን ዋስትና ተኩት። ኋላ ሲንቄ ባንክ የሆነው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋምም በዚህ መንገድ ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን ከድሬ ሼክ ሁሴን ብዙ በማይርቅ አገር ወለድ የእምነት ጉዳይ መሆኑን ፖሊሲ አውጪዎቻችን ለማየት ዘገዩ። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የሚገርመው፣ የእስልምና ሕግ ለዚሁ ለገበሬው የሚሆን ጥንታዊ ውል አለው። ሰለም ይባላል፤ ዋጋው ቀድሞ ይከፈላል፣ እህሉ በታወቀ ዓይነት፣ መጠንና ቀን ይረከባል። በመዲና የቴምር ገበሬዎች ዘመን የታወቀ ነው። ነጋዴው ያልደረሰ ሰብል ሲገዛ የሚያደርገው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ዋጋውን ለብቻው መቁረጡ ላይ ግን ይለያያል።

አሁን ወደ አዲሱ ዐዋጅ እንመለስ። የ1997ቱ ዐዋጅ ቁጥር 456 መሬት የተከራየ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ ሲፈቅድ፣ ለአራሹ ባለይዞታ ይህን መብት አልሰጠውም ነበር። አንዳንድ ክልሎች በራሳቸው ሕግ ቀድመው ቢፈቅዱም፣ በፌዴራል ደረጃ ይህን ያረመው የ2016ቱ ዐዋጅ ቁጥር 1324 ነው። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፤ የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ነው። ይህን ፍትሐዊ እርማት አልቃወምም። የምቃወመው መሬቱን የመጀመሪያ መያዣ ማድረጉን ነው። እህልና ከብት በዋስትና የሚያዙበት የተንቀሳቃሽ ንብረት ዐዋጅ በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት ዐዋጅ ደግሞ ከወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። ጊኒር ላይ የታመነ መጋዘን ቢኖር፣ ገበሬው ስንዴውን አስገብቶ በደረሰኙ ተበድሮ የኮምባይነሩን ኪራይ ከፍሎ፣ ዋጋው ሲሻል መሸጥ ይችል ነበር። ዝናብ ቢከዳው የሚያጣው አንድ ምርት ነው፤ መሬቱን ለዓመታት አይደለም።

ይህን ለአዛውንቱ በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ደብተሩን አያስይዙም ማለት ነው?» ብላቸው ሣቁ። ደብተሩ ላይ የባለቤታቸውም ስም አለ፤ የሚቀመጠው በእርሳቸው ሣጥን ነው፣ ቁልፉም በእርሳቸው አንገት ላይ ነው። «እርሷን ጠይቃት» አሉኝና ለአህያቸው ጭነት ሊያስተካክሉ ተነሡ።