ከአቡጊዳ እስከ አንባቢው ማሽን

«ገና ገና አልደረሰም።» እስቲ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ አንብቧት። የመጀመሪያውን «ገና» አጥብቃችሁ፣ ሁለተኛውን አላልታችሁ አነበባችሁት አይደል? ፊደሉ ግን ምንም አልነገራችሁም፤ ከሐሳቡ ገምታችሁ ነው።

ይህ ግምት ዲስሌክሲያ ላለበት ልጅ ከባድ ነው። ዲስሌክሲያ ስንፍና አይደለም፤ የማሰብ ችሎታ ማነስም አይደለም። አንጎል ፊደልን ከድምፅ ጋር ለማገናኘት ሲቸገር የሚመጣ የንባብ ችግር ነው። ልጁ ፊደል ለመለየት ሲታገል ሐሳቡ ያመልጠዋል፤ ሐሳቡ ካመለጠው ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በምን ይለያል?

ወረታ ስማር አጠገቤ የሚቀመጥ የወንዜ ልጅ ነበር። አባቱ ሩዝ ሲሸጡ የኩንታሉን ሒሳብ በቃሉ ይሠራላቸዋል። አንብብ ሲባል ግን ላብ በላብ ይሆናል። «ሰነፍ» ተባለ፤ እኛም ሳቅንበት፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወ። ችግርህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1896 እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ስለ አንድ ተመሳሳይ ልጅ ጻፈ። ፐርሲ የተባለው የ14 ዓመት ልጅ ሒሳብ ይችላል፤ የገዛ ስሙን ግን ፊደል አዛብቶ ይጽፍ ነበር። አስተማሪው፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ጎበዙ እሱ ነበር ብሎ መሰከረለት።

ፊደልና ድምፅን ማገናኘት ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሏን በስንደዶ እየነካ ጮክ ብሎ ይጠራታል። «ሀ ሁ ሂ»ን ሸምድዶ እንዳያልፍ ደግሞ «አ ቡ ጊ ዳ» እያለ ከተለመደው ተራ ውጭ ያነባል፤ ያኔ በእርግጥ መለየቱ ይታወቃል። ዘዴው ለዲስሌክሲያ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ግን ዓይን፣ ጆሮና እጅን አብሮ ማሠራቱ አሜሪካ ውስጥ ሳሙኤል ኦርተንና አና ጊሊንግሃም ለንባብ ችግር ካዘጋጁት ትምህርት ጋር ይቀራረባል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሬይ ከርዝዌል የታተመ ጽሑፍ ስካን አድርጎ ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን አስተዋወቀ። የታሰበው ለዓይነ ስውራን ነበር፤ ዛሬ ይኸው ሐሳብ ዲስሌክሲያ ያለባቸውንም ያግዛል። ስልኩ እያንዳንዱን ቃል እያደመቀ ያነባል፤ ልጁ በዓይኑ ይከተላል። ልክ እንደ ስንደዶዋ!

አማርኛ ላይ ግን ያቺ «ገና» ትመጣለች። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ጽሑፍን ከንባቡ ጋር ጎን ለጎን እየተመገበ፣ መጥበቅና መላላትን ከአጠገብ ቃላት መገመት ይማራል። ዛሬ «መቅደስ» እና «አምሃ» የተባሉ የማይክሮሶፍት ድምፆች አማርኛ ያነባሉ። ኮምፒውተር የአማርኛ ንግግርን ሰምቶ እንዲጽፍ ደግሞ ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005፣ 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት ያህል ቅጂ አቅርበዋል። የሕፃን ድምፅ ከአዋቂ ስለሚለይ ለልጆች የልጆች ቅጂ ያስፈልጋል። እሱ ካለ ማሽኑ ልጁ ሲያነብ አዳምጦ የተሰናከለበትን ቃል ሊያሳየው ይችላል።

ስልካችሁ አማርኛ የሚያነብ ከሆነ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስጡትና ስሙት። ከተሳሳተ ለእኛ ለመሐንዲሶቹ ሥራ ቀርቶናል ማለት ነው። እስከዚያው ግን አጠገባችሁ ማንበብ የሚቸግረው ልጅ ካለ ጥያቄውን አንብቡለት፤ ከዚያ መልሱን ጠይቁት። እኔ ያኔ ይህን አላደረግኩም።