ማሰርና ማዋረድ፤ በጅማና በዙሪያዋ ባለው የቡና አገር ስለ እስረኛና ስለ ጠባቂ

በአማርኛ «እስር ቤት» የሚለው ስም ማሰር ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በጅማና በአካባቢዋ የሚነገረው ኦሮምኛም ያንኑ ቤት «መነ ሂዳ» ይለዋል፤ ትርጉሙም የማሰሪያ ቤት ማለት ነው። «ወህኒ» የሚለው ቃል በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከአምባ ወህኒ የመጣ ሲሆን፥ «ከርቸሌ» ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ከእነዚህ ስሞች መካከል ስለ ስድብ፥ ስለ ጥፊ ወይም ስለ ማዋረድ የሚናገር አንድ እንኳ የለም። ሁሉም የሚያስታውቁት ሰው ከአንድ ስፍራ እንዳይወጣ መያዙን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በታሪክ እስር ከውርደት ተለይቶ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዲህ ሰውን እንዲይዝ የታዘዘ ጠባቂ፥ የያዘውን ሰው ለማዋረድ ሥልጣን ከየት ያገኛል? ጅማና ጎረቤቶቿ ጌራ፥ ጎማ፥ ጉማና ሊሙ፥ ከጎጀብ ማዶ ያለው ከፋም ጭምር፥ ለዚህ ጥያቄ መመርመሪያ የሚሆን ብዙ ነገር አሳልፈዋል።

አስቀድሞ የጥበቃን ጥንታዊ መልክ መመልከት ይገባል። በቀድሞው የኢትዮጵያ የፍርድ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ፥ ወይም ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ፥ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቋራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይውሉና አብረው ያድሩ ነበር። ይህ ሥርዓት ቁራኛ ይባላል፤ ዛሬም «የዓይን ቁራኛ» ሲባል የቃሉ ትዝታ አልጠፋም። ቁራኛ የርኅራኄ ሥርዓት ነበረ ለማለት አይቻልም፤ ድኻ ባለ ዕዳ ብዙ መከራ ያይበት ነበርና። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ጠባቂው ራሱ የታሰረ ነው። የያዘው ሰው ሲቆም ይቆማል፤ ሲተኛም ከጎኑ ይተኛል። የሚያዋርደውን ሰው ፊት ሳያይ ማዋረድ አይችልም፤ ከሥራው በኋላም ወደ ቤቱ ገብቶ ነገሩን ሊረሳ አይችልም። በደመወዝ የሚያድር ዘበኛ በቆመ ጊዜ ግን ሰንሰለቱ በአንድ ወገን ብቻ ቀረ።

ከዚህ ጋር ሊታሰብ የሚገባው ሌላው ነገር ስንቅ ነው። እስረኛ ምግቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ከዘመዶቹ ስለ ነበረ፥ የጠባቂው ሥልጣን በእስረኛው ላይ ብቻ ሳይወሰን አገልግል ይዘው በበር እስከሚቆሙት እናትና ሚስት ድረስ ይደርሳል። ወደ ውስጥ የሚገባውን ምግብ መፈተሽ የጠባቂው ተግባር ነው፤ ለዚህ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። እናቱን በልጇ ፊት መሳደብ፥ ወይም ለማላገጥ ሲል እንጀራውን አፈር ማስነካት ግን ከተግባሩ አንዳች አይጨምርለትም። እስረኛው በዚያ ምክንያት የበለጠ ተጠብቆ አያድርም። ማሰርንና ማዋረድን የሚለየው መስመር በዚህ ዓይነት ትንሽ ነገር ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከጅማ በስተ ምዕራብ ያለው የጌራ ታሪክ ስለ ምስክርነት የሚያስተምረው ነገር አለ። የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር የላካቸው አንቶንዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ ከሸዋ ተነሥተው ወደ ጊቤ አገሮች በተሻገሩ ጊዜ፥ በጌራ ይገዙ በነበሩት ንግሥት እጅ ተያዙ። ኪያሪኒ በ1872 ዓ.ም. በመስከረም ወር እዚያው ሞተ። ቼኪ የተለቀቀው ኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በተባሉት በጎጃሙ በራስ አዳል ርዳታ ነው። አገሩ ከገባ በኋላ ስለ ጉዞውና ስለ ምርኮው፥ ስለ አገሩም ልማድና ቋንቋ ሦስት ትላልቅ ቅጾች አሳተመ። የጠበቁት ሰዎች ግን አንድ ቃል እንኳ ጽፈው አላስቀሩም። የተበደለ ሰው ጽሑፍ ምስክርነት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ቼኪ ራሱ ኋላ የኢጣልያ የቅኝ ግዛት ሥራ ባለሟል ሆኖ በ1896 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ምድር በላፎሌ መገደሉን ያስታወሰ አንባቢ፥ ቃሉን በጥንቃቄ ይመዝናል። ሆኖም ጠባቂ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በእስር ቤት ውስጥ የሚናገረው ጠባቂው ሲሆን፥ በታሪክ ፊት የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ እስረኛው ነው።

የከፋው ንጉሥ ታሪክ ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋ ላይ በዘመቱ ጊዜ የጅማው የአባ ጅፋር ጦር አብሮ ተሰልፎ ነበር። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በዱር ተሸሽገው ወራት ከቆዩ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዙ። ለማዕረጋቸው ሲባል የታሰሩት በብር ሰንሰለት እንደ ነበረ ይነገራል። ይህ የብር ሰንሰለት ሁለት ነገር ይመሰክራል። አንደኛው፥ የማረኩዋቸው ሰዎች መያዝ ሌላ፥ ማዋረድ ሌላ መሆኑን ማወቃቸው ነው፤ ባያውቁ ኖሮ ብረት ይበቃ ነበር። ሁለተኛው፥ ይህን ዕውቀት ለንጉሥ ብቻ መጠበቃቸው ነው፤ ለተራ ምርኮኛ ብር የሚያቀልጥ የለምና። ክብር ከሰውነት ሳይሆን ከማዕረግ እንደሚመጣ በሚታሰብበት አገር፥ ማዕረግ የሌለው እስረኛ የሚጠበቅለት ክብር አይኖረውም። ንጉሡ ጎጀብን ሲሻገሩ ቀለበታቸውን ወደ ወንዙ እንደ ጣሉ የሚተረከውም ያለ ምክንያት አይደለም። አገራቸውንና ሰውነታቸውን ከያዙባቸው ሰዎች እጅ ያስቀሩት ነገር ያ ብቻ ነበር።

የሥልጣንን ተለዋዋጭነት ለማሳየት ከጅማው ከአባ ጆቢር አባ ዱላ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የአባ ጅፋር የልጅ ልጅ የሆኑት እኒህ ሰው፥ የጅማ የራስ አስተዳደር በ1924 ዓ.ም. ሲቀር ታሰሩ፤ ኢጣልያኖች አገሩን በያዙ ጊዜ ፈትተው ሱልጣን አደረጉዋቸው፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ተመልሰው ታሰሩ። በዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የወህኒው በር ሦስት ጊዜ ተገለባበጠባቸው። በዚሁ ዘመን፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ለጠላት ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ጅማ ያን ጊዜ ገና በኢጣልያኖች እጅ ነበረች፤ በሰኔ ወር ስትለቀቅ በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች ተማረኩ። አምስት ዓመት ሙሉ የተዋረደ ሕዝብ የያዘውን ሰው እንዳያዋርድ መታዘዙ፥ ክብር ለማዕረግ ብቻ የሚሰጥ ዋጋ አለመሆኑን የሚያስታውቅ ደንብ ነው።

ጠባቂው ሲወቀስ ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት «ታዝዤ ነው» የሚል ነው። ይህ ምክንያት በኢትዮጵያ ረዥም ዕድሜ አለው። በ17ኛው ምእተ ዓመት የነበረው ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ ማኑኤል ዴ አልሜይዳ፥ በአምባ ግሸን ስለ ነበሩት የነገሥታት ልጆች ሲተርክ፥ ከተፈቀደው ይልቅ ያማረ ልብስ የለበሰን አንድ ልዑል ጠባቂው እንዳዋረደው ይናገራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልዑሉ ነገሠ። ጠባቂው እየተንቀጠቀጠ ሲቀርብ ንጉሡ ሸለመውና ለእኔም እንዲሁ አገልግል ብሎ ወደ ሥራው መለሰው። ታሪኩ የንጉሡን ትዕግሥት ለማመስገን የሚነገር ነው፤ ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ሲታይ ያሳዝናል። ንጉሡ ይቅር ያለው የራሱን ውርደት ሲሆን፥ ያጸደቀው ግን በአምባው ላይ የቀሩትን የወንድሞቹን ውርደት ነው።

በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው ጠባቂና እስረኛ የሆኑበት ፈተና፥ ለሁለት ሳምንት ታስቦ በስድስት ቀን ተቋረጠ። ጠባቂዎቹ እስረኞቹን ማዋረዳቸው ሥልጣን ያገኘ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ይከፋል ለሚለው ሐሳብ ማስረጃ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ተጠቀሰ። በኋላ መዛግብቱ ሲመረመሩ ግን ጠባቂዎቹ እንዲጨክኑ ከአዛዦቻቸው ምክርና ግፊት እንደ ነበረባቸው ታወቀ። ይህ ከግሸኑ ታሪክ ጋር ይስማማል። ውርደት ከጠባቂው ክፋት ብቻ የሚወለድ አይደለም፤ ከላይ የሚያሞግስ ወይም አይቶ ዝም የሚል አለቃ ሲኖር ልማድ ይሆናል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 417፥ የያዘውን ሰው ለሰው ክብር በማይስማማ አኳኋን የሚያንገላታን ባለ ሥልጣን ይቀጣ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ ይህንኑ በአንቀጽ 424 ደግሞታል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኞች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙና በዘመዶቻቸው እንዲጎበኙ መብት ሰጥቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን፥ በጅማም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች እስረኛ ሲዋረድና ሲሠቃይ፥ የ1949ኙ አንቀጽ አልተሻረም ነበር። የጎደለው በወህኒው በር ላይ ቆሞ ሕጉን የሚያስፈጽም አለቃ ነው።

ስለዚህ ጠባቂን ለመመዘን የሚበቃው ጥያቄ አጭር ነው፤ ያደረገው ነገር ቢቀር እስረኛው ያመልጥ ነበርን? ያመልጥ ከነበረ ነገሩ ጥበቃ ነው። የማያመልጥ ከሆነ፥ ዳኛ ያልፈረደውን ቅጣት ጠባቂው በገዛ እጁ ጨምሯል ማለት ነው። ዳኛው የፈረደው ቅጣት በዘመን ብዛት ያልቃል፤ በእናቱ ፊት የተዋረደ ሰው ግን ሲፈታም ያን ይዞ ይወጣል። በዚህ ነገር ከጠባቂው ይልቅ የሚጠየቀው፥ አይቶ ዝም ያለው ወይም ጠባቂውን የሸለመው አለቃ ነው።