ሾላና ተርቡ፦ ከዓባይ ቆላ እስከ ግብጽ

በጎንቻ ሲሶ እነሴ የምትገኘው የጉንደ ወይን ከተማ ስሟ የፍሬ ተክል ስም ነው፤ ጉንድ በግእዝ ግንድ ማለት ነውና «የወይን ግንድ» ተብሎ ይተረጐማል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ወይኑን ሳይሆን፣ በዓባይ ተፋሰስ ቆላና ወይና ደጋ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለውን ሾላ ነው።

አስቀድሞ ስሞቹን መለየት ያስፈልጋል። ሾላ የሚለው ስም ከአንድ በላይ ለሆኑ ዛፎች ይሰጣል፤ እኛ የምንናገርለት ባምባም የሚባለው፣ በግእዝ ሰግላ የተባለው፣ የዕፀዋት ሊቃውንት ፊኩስ ሲኮሞሩስ የሚሉት ነው። ዘኬዎስ የወጣበት ዛፍ ይኸው ነው (ሉቃ. 19፥4)፤ ነቢዩ አሞጽም የዚህን ዛፍ ፍሬ ይሠራ እንደ ነበር ይናገራል (አሞ. 7፥14)። በመጽሐፍ የምናውቀው በለስ ዘመዱ ነው። ዛሬ በየገበያው በለስ እየተባለ የሚሸጠው የእሾኻሙ ቁልቋል ፍሬ ግን ከአሜሪካ የመጣ ባዕድ ነውና የስሙ መመሳሰል ተመራማሪን እንዳያስተው።

ስለ በለስ ልማት የሚጽፉ ብዙዎች ታሪኩን ከግሪኮች ይጀምራሉ። በለስ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው። የወንዴው ፍሬ፣ አንዳንዱ ቢበላም፣ አብዛኛው የማይጥም ነው፤ ነገር ግን የአበባው ብናኝና ብናኙን የምታደርሰው ትንሽ ተርብ የሚገኙት በእርሱ ውስጥ ነው። ስለዚህም አትክልተኞች የወንዴውን ፍሬ ቆርጠው በሴቴው ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅሉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ቴዎፍራስጦስ ይህን ልማድ ጽፎታል። ጥበቡን የናቁ ሰዎች ዋጋ ከፍለውበታል፤ በካሊፎርኒያ የሰምርኔስ በለስ ተተክሎ ለብዙ ዓመታት ፍሬው ሳይበስል እየረገፈ ካስቸገረ በኋላ፣ ፍሬ የያዘው ተርቧ ከአልጄሪያ መጥታ በ1899 እ.ኤ.አ. በፍሬዝኖ ከተላመደች ወዲህ ነው።

የሾላው ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ በእኔ አስተያየትም ይበልጥ ያስደንቃል። ግብጻውያን ሾላን ከጥንት ጀምሮ ተክለዋል፤ ከእንጨቱ የሬሳ ሣጥን ሠርተዋል፤ ፍሬውንም ከሙታን ጋር ቀብረዋል። ነገር ግን የሾላው እውነተኛ ተርብ በግብጽ የለችም። በምትኳ ያለችው ሌላ ተርብ እንቁላሏን ትጥላለች እንጂ ብናኝ አታደርስም፤ ፍሬውም ዘር ሳይዝ በነፍሳት ይሞላል። የግብጽ አትክልተኛ ለዚህ ያገኘው መላ ቢላ ነው። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ ይበጣዋል፤ የተበጣውም ፍሬ ነፍሳቱ ሳይወጡ በጥቂት ቀን በስሎ ይጣፍጣል። ቴዎፍራስጦስ በብረት የተቧጠጠው ሾላ በ4 ቀን እንደሚበስል ጽፏል። የአሞጽም ሥራ ይህን የመሰለ እንደ ነበር የጥንቱ የግሪክ ትርጉም ያመለክታል፤ ለቀማ ከማለት ይልቅ መቧጠጥን የሚገልጽ ቃል ይዟልና። ዘር ስለሌለው ዛፉ በዚያ አገር የሚበዛው ሰው ቅርንጫፉን ቆርጦ ሲተክለው ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ቢላውም ሰቀላውም አያስፈልግም። ሾላ በአንድ ፍሬ ውስጥ ወንዴም ሴቴም አበባ አለው፤ ሴራቶሶሌን አራቢኩስ የምትባለው ተርብም በምሥራቅ አፍሪካ ሥራዋን ትሠራለች። በፍሬው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይቆረጣል፤ በደረቷ ከረጢት የያዘችውን ብናኝ ለአበቦቹ ሰጥታ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ በዚያው ትሞታለች። ከልጆቿ ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም፤ የፍሬውን ግድግዳ ቦርቡረው ለእኅቶቻቸው መውጫ ይከፍታሉ። ሴቶቹም ብናኝ ተሸክመው ሲወጡ ፍሬው ይበስላል። እረኛ ሾላ ገምሶ «ትል አለው» እያለ የሚያራግፈው እንግዲህ የዛፉን አትክልተኛ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሾላ ተወላጅ በሆነበት አገር የማልሚያ ጥበብ አለመገኘቱ የሕዝቡን አለማወቅ የሚያሳይ አለመሆኑን ነው። ሥራው ስለሚሠራ ብልሃት አላስፈለገም። ዓባይ ወደ ግብጽ ሲወርድ ዛፉም ከደቡብ ወደዚያ ሳይሻገር እንዳልቀረ የሚያስቡ ሊቃውንት አሉ፤ ተርቧ ግን በኋላ ቀርታለች።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ተርቧ ከፍሬ ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢሆን ነው። በአንድ ዛፍ ያሉት ፍሬዎች ባብዛኛው በአንድ ጊዜ ስለሚደርሱ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ሌላ ጥሬ ፍሬ የያዘ ሾላ ማግኘት አለባት። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በናሚቢያ በረሃ እነዚህ ተርቦች በነፋስ ተሸክመው እስከ 160 ኪሎ ሜትር ብናኝ እንደሚያደርሱ አሳይቷል፤ ሆኖም መድረሻ ዛፍ ከሌለ ነፋሱ ብቻውን ምን ይረባል? የእርሻ መሬት ሲመነጠር አንድ ሾላ ለጥላ መተው መልካም ነው፤ ተርቧን የሚያኖራት ግን በየወንዙ ዳር በተለያየ ጊዜ የሚያፈሩ ብዙ ሾላዎች መኖራቸው ነው። ለዕረፍት ወደ ጎጃም የሚሄድ ተማሪ ለብቻው ከቀረ ሾላ ጥቂት የበሰሉ ፍሬዎችን ገምሶ፣ በውስጣቸው ጠንካራ ዘር መኖሩንና አለመኖሩን ቈጥሮ ቢመዘግብ፣ የዚያን ዛፍ ሁኔታ በትክክል ሊነግረን ይችላል።