የባሕር ዳርቻ ንድፍ እንደ ታሪክ ምንጭ፤ ሄንሪ ሶልትና የዙላ ሰላጤ

የውጭ አገር ተጓዦች መጻሕፍት ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ምንጭ ሆነው ሲያገለግሉ ኖረዋል። በውስጣቸው የሚገኙት ሥዕሎች ግን ከጌጥ ተቆጥረው ሲታለፉ ይስተዋላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሥዕሉም እንደ ጽሑፉ መመርመር እንዳለበት ለማሳየት ይሞክራል።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት (እ.ኤ.አ. 1780–1827) የመልክዓ ምድር አሣሣልን ከጆሴፍ ፋሪንግተን ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1802 የሎርድ ቫሌንሺያ ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ከአገሩ ወጣ፤ በ1805 ከምጽዋ ተነሥቶ ትግራይ በመግባት ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ተገናኘ። ከጉዞው ሥዕሎች 24ቱ በ1809 ለንደን ላይ ታተሙ።

አንባቢ የሚያየው የመጨረሻውን ቅጂ ነው። ተጓዥ ሠዓሊ በሥፍራው በእርሳስ የነደፈው በሌላ ቀራጺ እጅ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ከታተመም በኋላ ቀለም ይቀባል። ስለዚህ ንድፉና ኅትመቱ እንደ አንድ ድርሰት ሁለት ቅጂዎች ሊነጻጸሩ ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሠዓሊው የት ሆኖ እንደ ተመለከተ ነው። የዘመኑ መርከበኞች ወደብ ለይተው ለመግባት የዳርቻውን ቅርጽ ከመርከብ ላይ ይነድፉ ነበር። የቫሌንሺያም ጉዞ የቀይ ባሕርን ምዕራባዊ ዳርቻ ማጥናትንና የንግድ በር መፈለግን ይጨምር ነበር። ዛሬ በኤርትራ የሚገኘው፣ የጥንታዊቱ አዱሊስ ጎረቤት የሆነው የዙላ ሰላጤ በዚሁ ጉዞ በባላባቱ የቤተሰብ ስም «አንስሊ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1867–68 ወደ መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦር የወረደውም እዚያው ነው።

እንግዲህ ውኃና ተራራ ብቻ የሚታይበት ንድፍ እንኳ ማን፣ ለማን፣ ከየት ሆኖ እንደ ሣለው ሳይጠየቅ ለምስክርነት ሊቀርብ አይገባም።